የቢሾፍቱ ጀልባ፦ ለመቅዘፊያው አምስት፣ ለሞተሩ ሁለት

አቃቂ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። የውሃ ፓምፕ፣ ጄኔሬተርና የወፍጮ ሞተር እጠግናለሁ፤ በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ ደግሞ ከቆቃ ወይም ከዝዋይ የጀልባ ሞተር በፒክአፕ ተጭኖ ይመጣልኛል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደ ማንኛውም ተዝናኝ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ባለቤቴ ገና ከቤት ሳንወጣ አስጠንቅቃኝ ነበር፦ «ዛሬ ሞተር የሚባል ነገር ብታነሣ ልጆቹን ይዤ እመለሳለሁ።» ሞከርኩ። አሥር ደቂቃ ያህል ተሳክቶልኝ ነበር።

ጥቅምት ውስጥ በአንድ እሑድ ጠዋት በአሮጌው መንገድ ዱከምን አልፈን ቢሾፍቱ ገባን። በፈጣኑ መንገድ መሄድም ይቻላል፤ እኔ ግን ዱከም ላይ ቁርጥ ሳልበላ ማለፍ አልወድም። የጀልባ ቤቱን ስም አልጽፍም፣ ሐይቁንም አልጠራም፤ ሐይቁን ከነገርኳችሁ ቤቱን ታውቁታላችሁና። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም። የማነሣበት ጥፋት በሌሎች ሐይቆች ዳርም ያየሁት ነው።

ደጉን ላስቀድም። የሕይወት አድን ጃኬቶቹ ንጹሕ ናቸው፤ ለልጆችም የሚሆን ልክ አላቸው፤ ይህን በሌላ ቦታ አላገኘሁም። ጀልባዋ ለስድስት ሰው ነው የተሠራችው፤ ከኋላችን የመጡ ሰባት ወጣቶች «አንድ ሰው ምን ይጎዳል?» ብለው ቢለምኑ ቢቆጡ ነጂው እምቢ አለ። አንዱ ከባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ እንዲጠብቅ አደረገ። በእኔ ዓይን ይህ ብቻውን አንድ ኮከብ ያስገኛል። የተጠበሰው ቆሮሶ ዓሣ ትኩስ ነበር፣ ዳጣው ደግሞ ያስለቅሳል። መጸዳጃ ቤቱ ውሃ አለው። ዋጋው ለሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት 1,500 ብር፣ ለመቅዘፊያ ጀልባ አንድ ሰዓት 600 ብር ነው። ልጆቹ ሞተር መረጡ፤ እኔ ዝም አልኩ፤ ባለቤቴ በጎን አየችኝ።

ዝምታዬ ያበቃው ነጂው ነዳጅ ሲቀዳ ነው።

ከጀሪካኑ ወደ ጀልባዋ ታንከር ቤንዚን የሚያሳልፈው አንገቱ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ነበር። ጀልባዋ ውሃው ላይ ናት፤ ትወዛወዛለች፤ እጁም አብሮ ይወዛወዛል። ሁለት ሦስት ማንኪያ የሚሆን በጠርዙ አልፎ ፈሰሰ። ውሃው ላይ ተዘርግቶ ቀስተ ደመና ሠራ። ትንሿ ልጄ አጎንብሳ እያየች «አባዬ፣ እንዴት ያምራል!» አለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

«ወንድሜ፣ ዘይቱን በስንት በስንት ነው የምትቀላቅለው?» አልኩት ነጂውን። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«በዓይኔ ነው ጋሼ። ትንሽ በዛ አድርጌ። ዘይት ሲበዛ ሞተሩ ደስ ይለዋል።»

ገንፎ መሰለው እንዴ፣ ቅቤ በበዛ ቁጥር የሚጥም? እንዲህ ዓይነቱ ሞተር፣ እኛ ጋራዥ ውስጥ ቱ ስትሮክ የምንለው ባለ ሁለት ምት፣ እንደ መኪና ለብቻው የተቀመጠ የሞተር ዘይት የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፣ አብሮ ይነዳል፣ አብሮ ይወጣል። ለአብዛኞቹ ሞተሮች ልኩ ለሃምሳ እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት ነው፤ ለ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከዚያ ያለፈው ሞተሩን አይጠቅመውም። ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ይጨሳል፣ የቀረው ሐይቁ ውስጥ ይገባል።

ልኩ ቢጠበቅም እንኳ ይህ ሞተር አባካኝ ነው። በውስጡ የተቃጠለው ጭስ የሚወጣበት በርና አዲሱ ቤንዚን የሚገባበት በር ሁለቱም በአንድ ጊዜ ክፍት የሚሆኑበት ቅጽበት አለ። በዚያች ቅጽበት ገና ያልተቃጠለ ቤንዚን ከነዘይቱ ሹልክ ብሎ ይወጣል። በአሮጌዎቹ ባለ ካርቡሬተር ሞተሮች እንዲህ የሚያመልጠው ከጠጡት ነዳጅ እስከ አንድ አራተኛ ይደርሳል። የድሮዋን ቬስፓ የሚያውቅ ሰው ሰማያዊ ጭሷን ያስታውሳል፤ አስፋልት ላይ ስለሆነች ኃጢአቷ በግልጽ ይታያል። የጀልባ ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጭሱን የሚተፋው ከውሃው በታች፣ በፕሮፔለሩ መሃል ነው። ማንም አያይበትም። አንድ ሞተር በአንድ እሑድ 20 ሊትር ቢጠጣ አራት አምስት ሊትሩን ሐይቁ ጠጣው ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ቤንዚኑ በአብዛኛው ወደ አየር ይተናል፤ ዘይቱና ከባድ ከባዱ ይቀራል፣ ዳርቻው ላይ ሄዶ ፊላው ሥር ይለጠፋል።

ቢሾፍቱ ደግሞ ከባሕር ጠለል ወደ 1,900 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የጀልባ ሞተር የሚሠራው ለባሕር ጠለል ስለሆነ፣ በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈው ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ ለዚህ አገር አየር ትሰፋለች። ሞተሩ አየር ሳያገኝ ቤንዚን ይጎርፍበታል። ቀዳዳዋን በጠበበች መቀየር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከአሥር ሞተር ዘጠኙ ላይ ግን ሳይቀየር አገኘዋለሁ። ነጂው ይህን ስነግረው ከልቡ አዳመጠኝ። «ለዚህ ነው ለካ ጠዋት ጠዋት የሚያስነጥሰው» አለ። ልጁ ብልህ ነው፤ የሚያስተምረው ነው ያጣው።

እንዲህ ያለ ነገር ወንዝ በሚወጣበት ሐይቅ ላይ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ጣና ዓባይ አለው፣ ዝዋይ ቡልቡላ አለው፤ ውሃው ይወጣል፣ አዲስ ይገባል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ግን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ይጠልቃል፣ ባቦጋያ 65፣ ሆራ 38። ከአንዳቸውም ጠርዝ ወጥቶ የሚፈስ ወንዝ የለም። ውሃው መሬት ውስጥ ከሚሰርገው በቀር መሄጃው ወደ ሰማይ ነው፤ ፀሐይ ውሃውን ስትወስድ ዘይቱን አትወስድም። ጥልቀታቸውን ሰምቶ «ይህን ሁሉ ውሃ አንድ ጀልባ ምን ያደርገዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ የጀልባ ቤቱ ባለቤትም ያለኝ ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ውሃ ሕይወት ያለበት የላይኛው ብቻ ነው፤ ታችኛው ለዓሣ የሚሆን አየር የለውም። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ሲበርድ የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ይሰምጣል፣ የታችኛው ይወጣል፤ አንዳንድ ዓመት በዚያን ጊዜ ዓሣ ሞቶ ይንሳፈፋል። ይህ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ ጀልባን አልከስበትም። የዓሣው መኖሪያ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ግን ያሳያል።

የበለጠ ያሳዘነኝ ከዳርቻው ያየሁት ነው። የእነዚህ ሐይቆች ግድግዳ ቀጥ ያለ ገደል ስለሆነ፣ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ እንደ ቀሚስ ጥለት ጠባብ ነው። ፊላው የሚበቅለው እዚያች ጥለት ላይ ነው። ወንዱ ቆሮሶ አሸዋውን እንደ ሳሕን ቆፍሮ ሴቷን የሚጠብቀው እዚያ ነው፤ ሴቷ እንቁላሉን በአፏ ይዛ የምታሳድገውም በዚያው አካባቢ ነው። ከፊላው መሃል ከሣርና ከጭራሮ ጎጆዋን ውሃው ላይ አንሳፍፋ የምትሠራ ትንሽ ጠላቂ ወፍ አለች፤ ስታያችሁ ብልጭ ብላ ትሰምጥና አሥር ሜትር ርቃ ትወጣለች። ልጆቼ ከጀልባው ሁሉ የወደዱት እርሷን ነው።

ነጂዎች ለደንበኛ ደስታ ሲሉ ከፊላው ጥግ ተነሥተው ድንገት ሞተሩን ይለቁታል። ጀልባ ትልቁን ማዕበል የምትፈጥረው በሙሉ ፍጥነት ስትበር እንዳይመስላችሁ፤ ስትነሣ ነው፣ አፍንጫዋን ሽቅብ አድርጋ መቀመጫዋን ስታሰምጥ። የማዕበል ቁመት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው። በዚያ እሑድ ሦስት ጀልባዎች በየሩብ ሰዓቱ እንዲህ ሲነሡ ቆጠርኩ። ዳርቻው ላይ ውሃው ቡና መስሏል። የደፈረሰው ጭቃ መልሶ ሲረጋ የዓሣው ሳሕን ላይ ነው የሚረጋው። የወፏ ጎጆ ላይ ስለደረሰው አላውቅም፤ ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ግን ፊላው መሃል ስትጮህ ሰምቻለሁ። ከፊላው ሃምሳ ሜትር ያህል እስኪርቁ በዝግታ ቢሄዱ ምን ይጎድልባቸዋል? የአንድ ደቂቃ ነገር ነው። ነጂያችንን ስንመለስ ለመንኩት፤ አደረገው፤ ልጆቹም አልከፋቸውም።

ሐይቁን የሚጎዳው ጀልባ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። እስከ ጠርዙ የታረሰው ገደል፣ በዝናብ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከዳርቻው ግንባታ የሚመጣው ፍሳሽ ከጀልባ ይበልጣሉ ቢባል አልከራከርም። እኔ ግን ግምገማ የምጽፈው 1,500 ብር ስለከፈልኩበት ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የግምገማዬ ዋና ጉዳይ ነው። ስንወርድ ሁለተኛዋ ጀልባ በተጎታች ላይ ሆና አሸዋው ላይ ቆማ ነበር። ትናንት ማታ ከቆቃ እንደ መጣች ነጂው ነገረኝ፤ እዚያ ለአንድ ሳምንት ለሥራ ተከራይታ ነበር። አንዱ ረዳት ከታች ያለውን የቆሻሻ ውሃ መውጫ ቡሽ ነቅሎ፣ በሆዷ የቀረውን የቆቃ ውሃ ወደ ሐይቁ እየለቀቀ ነው። የተጎታቿን ጎማዎች በሚያያይዘው ብረት፣ አክሱ ላይ፣ ደግሞ አረንጓዴ ነገር ተጠምጥሟል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። እምቦጭ።

እኔ እምቦጭን የማውቀው ከልጅነቴ ነው። የአቃቂ ልጅ ሆኖ አባ ሳሙኤል ግድብ ያልሄደ የለም። ሐምራዊ አበባውን ለእናቶቻችን እንቆርጥ ነበር፤ ያበጠውን ግንዱን በእግራችን ጠጥ አድርገን እናፈነዳ ነበር። ቆቃ ላይ እንደታየ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ጣና ላይ ደግሞ በ2011። ስለ ጣናው ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ሰው በእጁ እየነቀለ ሲያወጣ በቴሌቪዥን አይተናል። ከቆቃ የሚመጡልኝ ሞተሮች ግማሾቹ በሽታቸው እርሱ ነው። ሥሩ የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያውን ይደፍነዋል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ይነክሳል። እኔ በእርሱ እንጀራ በላሁ ማለት ይቻላል። ቢሆንም ለምሳሌ ባቦጋያን ብንወስድ ጠቅላላ ስፋቱ 58 ሄክታር ብቻ ነው። እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ ከተቆረጠች አንድ ቅርንጫፍም ይነሣል። ሒሳቡን ልጄም ትሠራዋለች።

ረዳቱን «ልጄ፣ ይህ ቡሽ እዚህ አይነቀልም» አልኩት። «ታዲያ የት ይነቀል?» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ማንም ነግሮት አያውቅም። ከቆቃ ሳይወጣ ይነቀላል፤ ጀልባዋ፣ ተጎታቿና መልህቋ ከነገመዱ እዚያው ይታጠባሉ፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ደርቀው ይከርማሉ። ሥራው ይኸው ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

የባለቤቴ ወንድም መርከበኛ ነው። ባሕር በሌላት አገር መርከበኛ ከሚሠለጥንባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ያለው የማሪታይምና ሎጂስቲክስ አካዳሚ መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ማታ ደውዬ ስነግረው ሳቀብኝ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ። መርከብ ጭነት ስታራግፍ ሚዛኗን ለመጠበቅ ሆዷን በውሃ ትሞላለች፤ ባላስት ይሉታል። ያንን ውሃ በሌላ አገር ወደብ ስትደፋው ውስጡ ያለው ነፍሳት ሁሉ አብሮ ይወርዳል። ጥፍር የምታህል፣ እንደ ሜዳ አህያ የተሰነተረች ባለ ሁለት ዛጎል እንስሳ በዚህ መንገድ ከአውሮፓ ተሻግራ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካና በካናዳ መካከል ባሉት ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ተገኘች፤ ከዚያ ወዲህ የውሃና የኤሌክትሪክ ጣቢያዎችን ቱቦ ትደፍናለች። ስለ ባላስት ውሃ ዓለም አቀፍ ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2004፣ ሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው። «እኛ ይህን ውሃ ሳናክም ብንደፋ መርከባችን ወደብ ላይ ትያዛለች» አለኝ። ያቺን ባለ ዛጎል እንስሳ ከመርከብ ከወረደች በኋላ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው የወሰዳትም የመዝናኛ ጀልባና ተጎታች እንደሆነ ጨመረልኝ። ስለዚህ ረዳቱን ብቻ መውቀስ አይገባም። ዓለም ራሷ ዘግይታ ነው የነቃችው።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ብቻዬን ተመለስኩ፤ ለመቅዘፊያው። ቀዛፊው ሽበታም ሰው ናቸው፤ የጀመሩት በልጅነታቸው ዓሣ በማጥመድ ነው። መቅዘፊያቸውን ውሃው ውስጥ ሲያስገቡ ድምፅ የለውም። ፊላውን በአራት ሜትር ርቀት ስናልፍ ያቺ ጠላቂ ወፍ ከነጫጩቶቿ ነበረች፤ አልሰመጠችም፤ አየችንና ሥራዋን ቀጠለች። ዓሣ በል ንስር ከገደሉ ዛፍ ላይ ሆኖ ሲጣራ ማሚቶው ሐይቁን ዞሮ ሲመለስ ይሰማል። በሞተሩ ጊዜ ንስር መኖሩንም አላወቅንም። አዛውንቱ ያወራሉ፣ ግን ስትፈልጉ ብቻ። «ሞተሩ ከመጣ ወዲህ እኔን የሚጠራኝ ፈረንጅና የታረቀ ባልና ሚስት ነው» አሉኝ። አንድ ሰዓት ተብሎ አንድ ሰዓት ከሩብ ቀዘፉልኝ። መቀመጫው ጣውላ ስለሆነ ትራስ ያዙ፤ ታችም ትንሽ ውሃ ያስገባልና ጫማችሁን አውልቁ። ከዚህ ሌላ የማወጣለት እንከን የለም። አምስት ከአምስት።

ለሞተሩ ሁለት ሰጥቻለሁ፦ አንዱ ለነጂው ጨዋነት፣ አንዱ ለጃኬቱ። ማሻሻል ይቻላል። ማጣሪያ ያለው ማንቆርቆሪያ፣ የዘይት መለኪያ፣ ነዳጁን ከውሃው ርቆ መሬት ላይ መቅዳት፤ አቅም ሲፈቅድ ደግሞ ባለ አራት ምት ሞተር፣ ከዚያም ባትሪ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሐይቅ የኤሌክትሪክ ሞተር ምን አነሰው? ይህን ሁሉ ለባለቤቱ በስልክ ነግሬዋለሁ። «ሐይቁ ትልቅ ነው ወንድሜ» አለኝና ስለ ዋጋ ቅናሽ አወራኝ።

የረሳሁት ነገር አለ። ያቺን ከአክሱ የፈታኋትን እምቦጭ ትንሿ ልጄ በውሃ ፕላስቲክ ይዛት መጥታ ነበር፤ አበባ ታወጣለች ብላ። ወንዝ እንዳይደርስ ጋራዡ ውስጥ፣ ጄኔሬተሮቹ አጠገብ፣ የቀለም ባልዲ ውስጥ አደረግናት። ስትገባ ሁለት ዘለላ ቅጠል ነበራት። በሦስተኛው ሳምንት ሰባት ሆኑና የባልዲው ውሃ አልታይ አለ። ልጄ በየቀኑ በኖራ ግድግዳው ላይ ትጽፍ ነበር። ኅዳር ሲገባ ሁሉንም አውጥቼ ቆርቆሮው ላይ አደረቅኳቸውና አቃጠልኳቸው፤ አበባው ሳይወጣ በመሆኑ እስከ ዛሬ ተቀይማኛለች። ከማቃጠሌ በፊት ግን ባልዲውንና ግድግዳው ላይ የጻፈችውን ቁጥር ፎቶ አንሥቼ ለጀልባ ቤቱ ባለቤት ላክሁለት። ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፦ «ተጎታች የሚያጥብ ባለ ግፊት የውሃ ፓምፕ አለህ? ስንት ነው?»